የማርትሬዛዋ እመቤት፤ የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ሕይወትና በሀገራችን የቀረው ብራቸው

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሶ፣ በደጀንም ሆነ በቢቸና፣ በአንዳንድ አረጋውያን ቤት በሣጥን ግርጌ በጨርቅ የተቋጠረ፣ መዳፍ የሚሞላ ክብ ብር ይገኛል። በአንድ ገጹ ራሳቸውን የተከናነቡ ሴት፣ በሌላው ገጹ ክንፉን የዘረጋ ባለ ሁለት ራስ ንስር ተቀርጾበታል። ስሙ ማርትሬዛ ነው፤ ጠገራ ብርም ይባላል። አያቶቻችን በሬና በቅሎ ገዝተውበታል፤ ጥሎሽ ጥለውበታል፤ ግብር ገብረውበታል፤ አንጥረኛው ሲያቀልጥላቸውም መስቀል ሆኖ በአንገታቸው ውሎአል።

የእኚህን ሴት ስም አፋችን ለምዶታል። ማን እንደ ነበሩ፣ የት እንደ ኖሩ፣ ምን በጎና ምን ክፉ እንደ ሠሩ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስማቸው ማርያ በመሆኑና ራሳቸውን በመከናነባቸው ቅድስት የሚመስሉትም ሰው አይጠፋም። ቅድስት አልነበሩም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳን ጋር አልቈጠረቻቸውም። ይሁን እንጂ ካቶሊካዊት ንግሥት ነበሩ፤ ሕይወታቸውም በጎውም ሆነ ክፉው ለምእመናንና ለካቴኪስቶች ብዙ ስለሚያስተምር በዚህ እትም ልናቀርበው ወደድን።

ብሩን በእጁ የያዘ ሰው ሁለቱን ገጾች ያያል እንጂ ጠርዙን ብዙ ጊዜ አያስተውልም። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ ሁለት ቃላት ተቀርጸዋል፤ ትርጉማቸውም ፍትሕና ርኅራኄ ማለት ነው። ጽሑፉ ሁለት አገልግሎት ነበረው። አንደኛው፣ ሌባ ከጠርዙ ብር እየፋቀ እንዳይሰርቅ መከላከል ነው፤ ብሩ ከተፋቀ ፊደሉ ስለሚጠፋ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ቃላቱ ንግሥቲቱ ለመንግሥታቸው መመሪያ አድርገው የመረጧቸው መሆናቸው ነው። እኛም ታሪካቸውን በእነዚሁ በሁለቱ ቃላት እየመዘንን እንከተላለን። የአውሮፓ ታሪክ ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በሀገራችን አቈጣጠር የተጻፉት ዓ.ም. የሚል ምልክት አላቸው።

ልደትና ጋብቻ

ማርያ ቴሬዛ ሜይ 13 ቀን 1717 በኦስትሪያ ከተማ በቪየና ተወለዱ። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ፣ እናታቸው ኤልሳቤጥ ክሪስቲነ ይባሉ ነበር። ከእርሳቸው በፊት የተወለደው ወንድማቸው በሕፃንነቱ ስለ ሞተ አባታቸው ወንድ ወራሽ አልነበራቸውም። ካርል ግን አስቀድመው በ1713 የሀብስቡርግ ቤት ግዛቶች እንዳይከፋፈሉ፣ ወንድ ልጅ ከታጣም ሴት ልጅ እንድትወርስ የሚፈቅድ ሕግ አውጥተው ነበር። የቀረ ዕድሜአቸውን የአውሮፓ ነገሥታት ይህን ሕግ ተቀብለው እንዲፈርሙ ሲደክሙ አሳለፉት። ልጃቸውን ግን ለመንግሥት ሥራ አላዘጋጇቸውም። ማርያ ቴሬዛ ከኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርተ ሃይማኖትና ላቲን፣ ከሌሎችም መምህራን ሙዚቃና ልዩ ልዩ ቋንቋ ተማሩ፤ የጦር፣ የፍርድና የግምጃ ቤት ነገር ግን ሳይነገራቸው ቀረ።

በፌብሩዋሪ 1736 የሎሬን መስፍን የነበሩትን ፍራንሲስ እስጢፋኖስን አገቡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚወዷቸው ሰው ነበሩ፤ ጋብቻ የመንግሥታት ውል በነበረበት በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው መውደድ ለነገሥታት ልጆች ብርቅ ነበር። ፍራንሲስም በዚህ ጋብቻ ምክንያት የአባቶቻቸውን ርስት ሎሬንን ለቀው በምትኩ በኢጣልያ ያለችውን ቶስካናን ተቀበሉ።

ዘውድና ጦርነት

በኦክቶበር 1740 ካርል 6ኛ ዐረፉ። ማርያ ቴሬዛ የ23 ዓመት ሴት ነበሩ፤ የበኵር ልጃቸውን ከጥቂት ወራት በፊት ቀብረዋል፤ አራተኛውን ልጃቸውን ፀንሰዋል። ግምጃ ቤቱ ባዶ፣ ሠራዊቱ የደከመ፣ አማካሪዎቹም ያረጁ ነበሩ። የአባታቸውን ሕግ ተቀብለው ከፈረሙት ነገሥታት አንዳንዶቹ ቃላቸውን አጠፉ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ሽሌዝያ የተባለችውን ሀብታም አገር ወረሩ፤ ባቫሪያና ፈረንሳይም ተከትለው ተነሡ።

ወጣቷ ንግሥት እጅ እንዲሰጡ ቢመከሩም እምቢ አሉ። በጁን 1741 ዛሬ ብራቲስላቫ በምትባለው በፕሬስቡርግ ከተማ የሃንጋሪን ዘውድ ጫኑ፤ በሴፕቴምበር ወር ደግሞ በሃንጋሪ መኳንንት ጉባኤ ፊት ቆመው እርዳታ ለመኑ። ሕፃኑን ዮሴፍን ታቅፈው እንደ ቀረቡ ተደርጎ በሥዕል የሚታየው በኋላ የተፈጠረ ነው፤ ሕፃኑ ወደዚያች ከተማ የመጣው ከልመናው ጥቂት ቀናት ቈይቶ ነበር። መኳንንቱ ግን ልባቸው ተነክቶ ጦር ሰጧቸው። በ1743 በፕራግ የቦሔሚያን ዘውድ ጫኑ፤ በ1745ም ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተመረጡ። ስለዚህ ማርያ ቴሬዛ በራሳቸው ርስት ንግሥት፣ በባላቸው በኩል ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ሆኑ፤ በብሩ ላይ የሚነበበው ማዕርጋቸውም ሁለቱንም የያዘ ነው። ጦርነቱ በ1748 ሲያበቃ ሽሌዝያ በፕሩሲያ እጅ ቀረች፤ የቀረው ርስታቸው ግን ከሞላ ጐደል ዳነ። በ1756 የተነሣው ሌላ ጦርነትም ሰባት ዓመት ሙሉ ሕዝብ ፈጅቶ ሽሌዝያን ሳያስመልስ አለቀ።

ሚዛኑ ያልተለወጠ ብር

በዚያ ዘመን ነገሥታት ለጦር ገንዘብ ሲያጥራቸው የሚያደርጉት የታወቀ ነበር። ምስሉን እንደ ነበረ ትተው በብሩ ላይ መዳብ ያበዙበታል። ፍሬድሪክ በሰባቱ ዓመት ጦርነት ይህን በሰፊው አድርገውታል፤ ሳክሶንያን በያዙ ጊዜ በተማረከው መቅረጫ፣ በባላጋራቸው ምስል፣ ብሩ የጐደለ ገንዘብ አስመቱ። የዚህም ዕዳ የወደቀው በድሀው ላይ ነበር፤ ደክሞ የተቀበለው ገንዘብ ገበያ ሲደርስ ዋጋ አጣበት።

ማርያ ቴሬዛ በዚህ ረገድ በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1750 አዲስ የብር ሥርዓት አቆሙ፤ በ1753 ባቫሪያም በስምምነት ገባችበት። በዚህ ሥርዓት 234 ግራም ገደማ ከሚመዝን ንጹሕ ብር ዐሥር ታለር ብቻ ይወጣል። ታለር የብሩ የጀርመንኛ ስም ነው። መዳቡ ሲጨመርበት አንዱ ታለር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በጦርነቱ መካከል ግምጃ ቤቱ በተጨነቀ ጊዜ በ1762 የወረቀት ገንዘብ አወጡ፤ የታለሩን ሚዛን ግን አልነኩም። ኦሪት ዘዳግም ነጋዴ በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ እንዳይይዝ ታዝዛለች። በጠርዙ ከተቀረጹት ቃላት የመጀመሪያው፣ ፍትሕ የሚለው፣ በዚህ ነገር በእውነት ተፈጽሞ እናገኘዋለን።

ነጋዴዎችም ይህን ፈጥነው ዐወቁ። ታለሩ ከትሪየስት ወደብ በመርከብ ተጭኖ ወደ ቱርክ ግዛቶችና ወደ ግብፅ ወረደ፤ በየመን ቡና ተገዛበት፤ በቀይ ባሕርም አድርጎ ወደ ምጽዋ ደረሰ። የብሩን ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ምስሉን አይቶ ብሩን አመነ።

ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከብት ጠባቂውና ካህኑ

የመንግሥቱ ሥልጣን በማርያ ቴሬዛ እጅ ስለ ነበር ባለቤታቸው ፍራንሲስ ጊዜአቸውን በሀብት አስተዳደርና በዕውቀት ሥራ ያሳልፉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ከልዩ ልዩ አገርና ዘመን የመጡ ገንዘቦችን መሰብሰብ ነበር። ስብስቡ ግን በሣጥን ተቈልፎ የሚቀር አልሆነም። የብሮቹ ዝርዝር በ1756፣ የወርቆቹም በ1759 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ በሩቅ አገር ያለ ሊቅም ቪየና ድረስ ሳይመጣ በንጉሠ ነገሥቱ ቤት ምን እንዳለ ለማወቅ ቻለ።

የዚህ ስብስብ ጠባቂ ቫላንታን ዱቫል ይባል ነበር። ዱቫል በ1695 በፈረንሳይ አገር፣ በሻምፓኝ፣ ከድሀ ገበሬ ተወለደ። በልጅነቱ ሙት ልጅ ሆኖ ከቤቱ ወጣ፤ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ በሎሬን፣ በሉኔቪል ከተማ አጠገብ፣ በሚኖሩ መናንያን ዘንድ ከብት ጠባቂ ሆነ። ከብቱን እየጠበቀ መጽሐፍና ካርታ በራሱ ያጠና ነበር። የሎሬን መሳፍንት በጫካ ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ሲያጠና አግኝተው ተደነቁ፤ መስፍኑም ወደ ኢየሱሳውያን ኮሌጅ ልከው አስተማሩት። ከዚያ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ፤ ፍራንሲስን ተከትሎ ወደ ፍሎረንስ፣ በኋላም ወደ ቪየና ሄደ፤ በ1775 በዚያው ሞተ። ለምድ ለብሶና አኩፋዳ አንግቦ በየደብሩ እየዞረ የተማረውን፣ በኋላም መምህር የሆነውን የጎጃም ቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ሰው የዱቫል ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ከዱቫል ቀጥሎ መጠቀስ ያለባቸው አባ ዮሴፍ ኤክሄል ናቸው። በ1737 የተወለዱት እኚህ ኢየሱሳዊ ካህን በማኅበራቸው ኮሌጅ የጥንታዊ ገንዘብ ስብስብ ይጠብቁ ነበር፤ ወደ ኢጣልያም ሄደው በዚያ ያሉትን ስብስቦች መርምረዋል። በ1773 ር.ሊ.ጳ. ክሌመንጦስ 14ኛ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ሲያፈርሱ ኤክሄል ማኅበር የሌላቸው ካህን ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት ማርያ ቴሬዛ የቤተ መንግሥቱን የጥንታዊ ገንዘብ ስብስብ በአደራ ሰጧቸው፤ ቀጥሎም በቪየና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። ኤክሄል ጥንታዊውን ገንዘብ በየአገሩና በየዘመኑ በተራ አሰለፉት። ከ1792 እስከ 1798 በስምንት ቅጽ ያሳተሙት መጽሐፋቸውም ለዚህ ጥናት መሠረት ሆኖ ቈይቶአል። ስብስቡ በቪየና የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚህ የምንማረው አለ። ብዙ ገንዘብ አከማችቶ ዘግቶበት የሚሞት ሰው ከስስታም አይለይም። የያዘውን በሥርዓት አሰልፎ፣ ከየት እንደ መጣ ጽፎ፣ ለሌላው የሚያሳይ ግን ለሚመጣው ትውልድ ያስተምራል። በቪየናው ስብስብ ንጉሠ ነገሥት፣ ከብት ጠባቂና ማኅበሩ የፈረሰበት ካህን ተራ በተራ ይህን ሥራ ሠሩ።

እናትና መበለት

ማርያ ቴሬዛ ዐሥራ ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ዐሥራ አንዱ ሴቶች፣ አምስቱ ወንዶች ነበሩ። ከእነዚህ ስድስቱ በእናታቸው ሕይወት ገና ልጅ ሳሉ ሞቱ፤ ሦስቱን የወሰደው ፈንጣጣ ነበር። በኦገስት 1765 ደግሞ ለልጃቸው ለሌኦፖልድ ሠርግ ወደ ኢንስብሩክ በሄዱበት ፍራንሲስ በድንገት ዐረፉ። ንግሥቲቱ ፀጉራቸውን ተቈረጡ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ሞታቸው ለዐሥራ አምስት ዓመት ከሐዘን ልብስ በቀር አልለበሱም። በጸሎት መጽሐፋቸውም አብረው የኖሩበትን ዘመን በዓመት፣ በወር፣ በሳምንት፣ በቀንና በሰዓት ቈጥረው ጻፉት። በእኛ ዘንድ በሚገኘው ብር ላይ የምናየው መከናነቢያም ይኸው የመበለትነታቸው መጐናጸፊያ ነው።

በ1767 ፈንጣጣ እርሳቸውንም ያዛቸው፤ የመጨረሻውን ምሥጢር ተቀብለው ሞትን ሲጠብቁ ዳኑ። በዚያው ዓመት ግን ልጃቸው ማርያ ዮሴፋ በዚሁ በሽታ ሞተች። ከዚህ በኋላ በ1768 ያን ኢንገንሁስ የተባለውን ሐኪም አስመጥተው ቤተሰባቸውን በፈንጣጣ ላይ አስከተቡ። ክትባቱን ብዙዎች ይፈሩት ስለ ነበር መጀመሪያ የተከተቡትን ልጆች በሾንብሩን ቤተ መንግሥት ጋብዘው አስተናገዷቸው። በልጆቻቸው ላይ የደረሰው ሐዘን ለሌሎች ልጆች መጠበቂያ ሆነ።

በፍትሕና በርኅራኄ ሲመዘኑ

ከንግሥቲቱ ሥራዎች ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የቀረው የትምህርት ሥራቸው ነው። በዲሴምበር 1774 ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያዝ ሕግ አወጡ። ሥርዓቱን ያዘጋጁላቸው ፍሬድሪክ ከነጠቋቸው ከሽሌዝያ የመጡት አበ ምኔት ዮሐን ኢግናጽ ፌልቢገር ነበሩ። በጦርነት ያጡት አገር መምህር ሰጣቸው። በ1777 ለግዛቲቱ ትምህርት ቤቶች የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም በአብዛኛው በእኚሁ ካህን ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። ከፈረሰው ከኢየሱሳውያን ማኅበር ንብረትም ለትምህርት ሥራ ዋለ።

ቀደም ሲል መኳንንትና ካህናት ግብር እንዲከፍሉ አድርገዋል። በ1775 በቦሔሚያ ገባሩ ለባለ ርስቱ በነጻ የሚሠራበትን ቀን በሕግ ወሰኑ፤ ከባዱ በሳምንት ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ አደረጉ። በ1776 ደግሞ ተከሳሽን እያሠቃዩ ማናዘዝን በኦስትሪያና በቦሔሚያ ግዛቶች ከለከሉ። ይህን ማሠቃየት በዝርዝር የሚፈቅደው የወንጀል ሕግ በራሳቸው ስም ከወጣ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

ነገር ግን ታሪካቸውን እየሸፋፈንን ብናቀርብ አንባቢን እንበድላለን። በዲሴምበር 1744፣ በክረምት ብርድ፣ አይሁድ ሁሉ ከፕራግ ከተማ እንዲወጡ አዘዙ። የጠላት ወዳጆች ናቸው የሚል ወሬ ምክንያት ሆነ፤ ሽማግሌና ሕፃን በበረዶ ላይ ተሰደደ። በ1748 ከባድ ግብር ተጥሎባቸው እንዲመለሱ ተፈቀደ እንጂ ንግሥቲቱ ለአይሁድ የነበራቸው ጥላቻ እስከ ሞት አልተዋቸውም። ከተራራማዎቹ የኦስትሪያ አውራጃዎችም ፕሮቴስታንቶችን እያፈናቀሉ ወደ ሩቅ ትራንሲልቫንያ ሰደዱ። በ1772 ፖላንድ ስትከፋፈል ነገሩ ግፍ መሆኑን ዐውቀው አዘኑ፤ ድርሻቸውን ግን ወሰዱ። ሃይማኖታቸውን ይወዱ ነበር፤ ሃይማኖትን በግድ ማስያዝ ግን ፍትሕም ርኅራኄም አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ማንም ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገደድ በግልጽ አስተምሮአል። ካቴኪስቶቻችን የካቶሊክ ነገሥታትን ታሪክ ሲያስተምሩ ይህን ወገን እንዳይዘሉት እናሳስባለን።

ንግሥቲቱ ኖቬምበር 29 ቀን 1780 በ63 ዓመታቸው በቪየና ዐረፉ። በካፑቺን አባቶች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ገና በሕይወት ሳሉ ባሠሩት በአንድ መቃብር፣ ከባላቸው ጐን ተቀበሩ።

ብሩ ወደ ጎጃም

ንግሥቲቱ ሲሞቱ ብራቸው አልሞተም። የምሥራቅ ነጋዴዎች የለመዱትን ምስል እንጂ ሌላ አንቀበልም ስላሉ የ1780ው ቅርጽ ዓመቱ ሳይለወጥ መመታቱን ቀጠለ። ስለዚህ በብሩ ላይ 1780 የሚል መነበቡ በዚያ ዓመት የተሠራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አያት የወረሱት ማርትሬዛ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ አንድ መቶ ዓመት ቈይቶ የተመታ ሊሆን ይችላል። እስካሁን የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ሀገራችን በአክሱም ዘመን የራሷን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ታስመታ ነበር። ንጉሥ ኢዛናም ክርስትናን ሲቀበሉ በገንዘባቸው ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት በመስቀል ለወጡት። ከአክሱም ውድቀት በኋላ ግን የደጋው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት በአሞሌ ጨው፣ በሸማና በሚዛን ወርቅ ይገበያይ ነበር። ማርትሬዛ የገባው በዚህ መካከል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሲራራ ነጋዴው ከምጽዋ በዐድዋና በጎንደር አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ያደርሰው ነበር። ብሩ ለትልቁ ግዢ፣ አሞሌው ለዝርዝሩ ይሆናል፤ ከጨው አገር እየራቁ በሄዱ መጠንም አሞሌው ስለሚወደድ አንድ ብር የሚያመጣው የአሞሌ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል። ተቀባዩም በራስ ጌጡና በትከሻው ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቊዎች ጐልተው መታየታቸውን ሳያረጋግጥ አይቀበልም ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው በነገሡት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመንም ግብር የሚቈጠረው በዚሁ ብር ነበር።

በዚያ ዘመን ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ መውረጃ ያለው የባሶ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣበት ነበር። ሰውም ይመጣበት ነበር። ከደቡብ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ገበያ ቆመው በማርትሬዛ ተሸጡ። በጠርዙ ፍትሕና ርኅራኄ የተቀረጸበት ብር የሰው ዋጋ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ ገዢውም ሻጩም ጽሑፉን አላነበቡትም። ጌታችን ዲናሩን ባሳዩት ጊዜ ምስሉ የማን እንደ ሆነ መጠየቁን እናስታውስ። በባሶ ገበያ የንግሥቲቱ ምስል በብሩ ላይ ነበር፤ የእግዚአብሔር ምስል ግን በተሸጠው ሰው ላይ ነበር። በሀገራችን የባሪያ ሥርዓት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ብሩ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ኖረ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ለስንቁና ለመጓጓዣው የሚከፍለው ማርትሬዛ በቪየና አስመትቶ ይዞ መጣ፤ ሕዝቡ ሌላ ገንዘብ እንደማይቀበል ዐውቆ ነበርና። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ ማውጣታቸውን ዐወጁ፤ ብሩም በፓሪስ ተመታ። ሚዛኑ ከማርትሬዛ ጋር የተስተካከለ ቢሆንም ሕዝቡ የለመደውን ቶሎ አልተወም። በ1935 ሙሶሊኒ ሀገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮማ ብዙ ማርትሬዛ አስመታ። ቀጥሎም በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ይኸው ብር ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ተመታ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ማርትሬዛ ከገበያ እየወጣ ወደ ሣጥንና ወደ አንጥረኛ ቤት ገባ። ቪየና ግን ለሰብሳቢዎች ዛሬም ትመታዋለች።

በቁምስናችን ምን እናድርግ

ማርትሬዛ በየቤቱ ያለ ገንዘብ ስለ ነበር ማንም እንደ ቅርስ አላየውም። አንዱ ይቀልጣል፤ ሌላው በብርነቱ ተመዝኖ ለአላፊ ገዢ ይሸጣል። የጠፋው ብር ሌላ ሊተካው ይችላል። ከብሩ ጋር የሚጠፋው የቤተሰብ ታሪክ ግን ምትክ የለውም። የአንዲት እናት ጥሎሽ ይሁን፣ የበሬ ዋጋ ይሁን፣ የአያት ደመወዝ ይሁን፣ ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። መጀመሪያ፣ አሮጌ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሎሚ አይፈትገው፤ መልኩ ቢጠቍርም ፊደሉና ዕንቊዎቹ እንዲታዩ እንደ ነበረ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልለው። የትኛው ከተማ እንደ መታው የሚታወቀው በዕንቊዎቹ፣ በንስሩ ላባና በነጠብጣቡ ትንንሽ ልዩነት ነውና፤ የተፈተገ ብር ይህን ምስክርነት ያጣል።

ሁለተኛ፣ ካቴኪስቶች ልጆችን ሰብስበው የገንዘቡን ምስል በወረቀት ያስወስዱ። ስስ ወረቀት በብሩ ላይ አድርጎ በእርሳስ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል፤ ምስሉ ወደ ወረቀቱ ይወጣል፤ ብሩም ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ከሥሩ ብሩ በምን መንገድ ወደ ቤቱ እንደ ገባና ምን እንደ ተገዛበት ይጻፍ፤ የባለቤቱን ስም መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ ሌባን እንዳንጋብዝ። የምኒልክ ብር፣ ተሙንና መሐለቅ፣ የጣልያን ሊሬም ቢገኝ በዚሁ ይመዝገብ። ወረቀቶቹ በአንድ መዝገብ ተሰፍተው በቁምስናው ቢቀመጡ፣ ዱቫልና ኤክሄል በቪየና የሠሩትን ሥራ ልጆቻችን በትንሹ ይሠሩታል።

ሦስተኛ፣ የአክሱም ዘመን ገንዘብ ወይም ሌላ ጥንታዊ ነገር በእርሻ ወይም በቁፋሮ ያገኘ ሰው ለነጋዴ ከመስጠቱ በፊት ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ልጆቹ የብሩን ሁለት ገጾች በወረቀት ካነሡ በኋላ መምህሩ ጠርዙን ያሳያቸው፤ ሁለቱንም ቃላት ይተርጕምላቸው። ከዚያም በ1744 ከፕራግ ስለ ተባረሩት፣ በ1774 ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተላቸው፣ በባሶ ገበያም ስለ ተሸጡት ይንገራቸው። ቃሉን መቅረጽ ቀላል እንደ ነበረ፣ መፈጸሙ ግን ለንግሥቲቱም ለአባቶቻችንም ከባድ እንደ ነበረ ልጆቹ ራሳቸው ያስተውሉታል።